ከጤናአዳም የሚገኘው ሩቲን በኮምፒውተር አንደኛ ወጣ፤ ሰው ግን “መድኃኒት ተገኘ” እያለ ነው

ሰብለ ዘጎንደር · ማክሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ነው ያለሁት፤ የባዮኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። መመረቂያ ጽሑፌን የማስረክበው በሰኔ ነው። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ሥራዬ ይሄ ነው። ከጤናአዳም፣ ከዳማከሴና ከጦስኝ ተለይተው የታወቁ 63 ሞለኪውሎችን ከታተሙ ጥናቶች ሰበሰብኩ። ቅርጻቸውን ፐብኬም ከሚባለው የኬሚካል መረጃ ቋት አወረድኩ። ከዚያ የኮሮና ቫይረስ ዋና ፕሮቲዬዝ ላይ አንድ በአንድ አውቶዶክ ቪና በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ዶክ አደረግኳቸው። የፕሮቲኑን ቅርጽ የወሰድኩት ከፕሮቲን ዳታ ባንክ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት 6ኤልዩ7 የሚባለው።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ፕሮቲዬዙ የቫይረሱ መቀስ ነው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሲገባ ብዙዎቹን ፕሮቲኖቹን በአንድ ረጅም ሰንሰለት አድርጎ ነው የሚያሠራው። መቀሱ ካልቆራረጠው ሰንሰለቱ ለምንም አይሆንም። መቀሱ ላይ አንዲት ኪስ አለች። ሂስቲዲን 41 እና ሲስቴይን 145 የሚባሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች እዚያ ናቸው፤ የመቁረጡን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ያቺን ኪስ የሚደፍን ሞለኪውል ከተገኘ ቫይረሱ መባዛት ያቅተዋል። ዶኪንግ ማለት ይሄ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሞለኪውሉን እያገላበጠ ኪሷ ውስጥ ያስገባል፣ ምን ያህል እንደሚመቸውም በቁጥር ይገምታል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን “አጥብቆ ይይዛል” ይባላል።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። መብራት ሁለቴ ሄዶብኝ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። በመጨረሻ ከጤናአዳም የሚገኘው ሩቲን -9.1 አውጥቶ አንደኛ ወጣ። ኬርሴቲን -7.4። የጦስኙ ካርቫክሮል -4.9 ብቻ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለወንድሜ ነገርኩት። እሱ ደስ ብሎት የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ጻፈው። በሦስተኛው ቀን አንድ የፌስቡክ ገጽ “የጎንደሯ ተማሪ ከጤናአዳም የኮሮና መድኃኒት አገኘች” ብሎ አወጣው። ትናንት ጠዋት አንዲት ጎረቤታችን በር አንኳኩተው ገቡ። ልጃቸው አስም አለበት። “ስንት ማንኪያ ነው የሚጠጣው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ይህ -9.1 የሚባለው ቁጥር እውነት ምን ማለት ነው? ከሰኔ በፊትስ ሥራዬን ለማጠንከር ምን ማድረግ እችላለሁ? አማካሪዬ 100 ናኖሰከንድ የሞለኪውል እንቅስቃሴ ሲሙሌሽን ጨምሪ ብለውኛል፤ ሞለኪውሉ ኪሷ ውስጥ ይቆይ እንደሆነ በኮምፒውተር ለማየት።

ቁጥር ወዳድ · ማክሰኞ ሌሊት

ሰብለ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። 63 ሞለኪውል በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ያውም መብራት እየሄደ፣ ቀላል ሥራ አይደለም። ዶኪንግ ለአሥር ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ስለዚህ ዲፌንስ ቀን የሚጠይቁሽን አሁኑኑ ልጠይቅሽ።

ከመጠን እንጀምር። ቪና የሚደምረው ነገር አለው፦ እያንዳንዱ አቶም ከኪሷ ግድግዳ ጋር ሲነካካ ነጥብ ይሰጠዋል። ስለዚህ ትልቅ ሞለኪውል አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ነጥብ ይሰበስባል። ሩቲን ሃይድሮጂኑ ሳይቆጠር 43 አቶም አለው። ኬርሴቲን 22። ካርቫክሮል 11። አሁን ነጥባቸውን ለአቶማቸው አካፍዪው። ሩቲን 0.21፣ ኬርሴቲን 0.34፣ ካርቫክሮል 0.45 ይመጣል። ደረጃው ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ! ይህ ማለት ካርቫክሮል መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ሲካፈል ደግሞ ትንንሾቹ ያለ አግባብ ይጠቀማሉ። ማለት የፈለግኩት አንደኛ የወጣልሽ ሞለኪውል አንደኛ የወጣው ምናልባት ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው።

ደግሞ ስህተቱን እዪው። ቪናን በ2010 በፈረንጅ አቆጣጠር ያወጡት ኦሌግ ትሮትና አርተር ኦልሰን ራሳቸው የለኩት አማካይ ስህተት ወደ 2.85 ኪሎካሎሪ በሞል ነው፤ ያንቺም -9.1 የሚለካው በዚሁ ነው። በክፍል ሙቀት 1.4 ገደማ ኪሎካሎሪ የመያዝ ኃይሉን በ10 እጥፍ ይለውጠዋል። ስለዚህ የአንድ ሞለኪውል ግምት 100 እጥፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት ይችላል። በሩቲንና በኬርሴቲን መካከል ያለው 1.7 ልዩነት ከስህተቱ ያንሳል። ሁለቱን ማበላለጥ አይቻልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማነጻጸሪያሽ ምን ነበር?

ሰብለ ዘጎንደር · ረቡዕ ጠዋት

አመሰግናለሁ፣ በጣም። ማነጻጸሪያዬ 6ኤልዩ7 ውስጥ ራሱ ያለው ኤን3 የሚባለው ሞለኪውል ነው። አውጥቼ መልሼ ዶክ አደረግኩት። -7.8 ሰጠኝ። ሩቲን ከሱ በልጦ ስላየሁት ነው ደስ ያለኝ።

ቁጥር ወዳድ · ረቡዕ ጠዋት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ኤን3 ከሲስቴይን 145 ጋር በኬሚካል ቦንድ ተጣብቋል። ገብቶ የሚቀመጥ ብቻ አይደለም፣ ይበየዳል። ቪና ደግሞ እንደ ነባሪ አሠራሩ መበየድን አያውቅም። የኤን3 ዋነኛ ጉልበት የሆነውን ነገር ሳይቆጥር ነው -7.8 ያለሽ። ስለዚህ “ሩቲን ከኤን3 ይበልጣል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ከጽሑፍሽ መውጣት አለበት።

6ደብልዩ63 የሚባለውን ቅርጽ አውርጂ። እዚያ ውስጥ ያለው ኤክስ77 ሳይበየድ የተቀመጠ ነው። እሱን አውጥተሽ መልሰሽ አስገቢው። ከትክክለኛ ቦታው ከ2 አንግስትሮም (የአቶሞች ርቀት መለኪያ) በታች ተጠግቶ ከተቀመጠ ሳጥንሽ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚፈልግበት ክልል፣ እና አዘገጃጀትሽ ደህና ነው ማለት ነው። ካልተቀመጠ የቀረው 63ቱም አይታመንም።

ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ከሩቲን ጋር በመጠን የሚቀራረቡ፣ ፕሮቲዬዙን ይከለክላሉ ብሎ የጠረጠራቸው የሌለ 40 ያህል ሞለኪውሎች ሰብስቢ። በተመሳሳይ ሳጥን ዶክ አድርጊያቸው። ሩቲን ከነሱ ተለይቶ ከወጣ ያኔ የምናወራው ነገር ይኖረናል።

ሲሙሌሽኑን በተመለከተ የአማካሪሽን ቃል አክብሪ። ቢሆንም 100 ናኖሰከንድ ውስጥ ከኪሷ አልወጣም ማለት ይይዛል ማለት አይደለም። ደካማ ሞለኪውልም ለዚያች አፍታ ይቀመጣል። ጊዜ ካጠረሽ ማነጻጸሪያው ይቅደም።

ፋርማሲስት ከአዳማ · ረቡዕ ከሰዓት

እኔ ስለ ሆድ ላውራ፣ ምክንያቱም ማንም አያነሳውም።

ሩቲን ማለት ኬርሴቲን ላይ ሁለት ስኳር የተንጠለጠለበት ሞለኪውል ነው። ክብደቱ 610 ገደማ። የመድኃኒት ኬሚስቱ ሊፒንስኪ በ1997 በፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣውን መመሪያ ታውቂዋለሽ፤ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ክብደቱ ከ500 ባይበልጥ፣ የሃይድሮጂን ቦንድ ሰጪዎቹ ከ5፣ ተቀባዮቹ ከ10 ባይበልጡ ይመረጣል። ሩቲን ሰጪው 10፣ ተቀባዩ 16 ነው። ሦስቱንም ጥሷል። መመሪያው ሕግ አይደለም፣ የሚጥሱት መድኃኒቶች አሉ። ግን የሩቲን ነገር ከዚህም ያልፋል። እንዳለ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ታች አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይቆርጡታል፣ ኬርሴቲን ይቀራል። ኬርሴቲኑንም የአንጀት ግድግዳና ጉበት ሌላ ነገር ይለጥፉበታል። ደም ውስጥ የሚዞረው በአብዛኛው ያ የተለጠፈበት ነው።

አየሽ ሰብለ? ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባሽው ሞለኪውልና ሳንባ የሚደርሰው ሞለኪውል አንድ አይደሉም። ደም ውስጥ የሚገኙትን ቅርጾች ዶክ ብታደርጊ ጽሑፍሽ ከብዙዎቹ ይለያል።

በነገራችን ላይ ሩቲን ስሙን ያገኘው ከጤናአዳም ወገን ነው። የተክሉ የሳይንስ ስም ሩታ ነው። ይሄን ሳውቅ ተማሪ እያለሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ለጎረቤትሽ። እባክሽ ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያቸው። ቡና ላይ የሚጣለው ቅንጣት ጤናአዳም ሌላ፣ ጨምቆ በማንኪያ መጠጣት ሌላ። ጤናአዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በብዛት ጨርሶ መውሰድ የለባትም፣ ጽንስ ያስወርዳል ተብሎ የሚታወቅ ተክል ነው። የልጁን የአስም መድኃኒት እንዳያቋርጡ አደራ።

መምህር ከደሴ · ረቡዕ ማታ

ልጆች፣ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፣ 27 ዓመት አስተምሬያለሁ። ከናንተ ብዙ ተማርኩ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቁጥሩ 100 እጥፍ የሚስት ከሆነ፣ የተገባው ሞለኪውልም ደም ውስጥ የማይገኝ ከሆነ፣ ይህ የኮምፒውተር ሥራ ለምን ይደከምበታል? የልጅቷ ሁለት ዓመት የት ገባ ልንላት ነው?

ማርታ ፍራንክፈርት · ሐሙስ ጠዋት

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። ጀርመን አገር የኢንዛይም ሙከራ ላብ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከኮምፒውተር ክፍሉ የሚመጣልንን ዝርዝር የምንፈትሸው እኛ ነን።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርዎ። የጃፓኑ ሺዮኖጊ ከሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ይህንኑ ሰብለ የያዘችውን ፕሮቲዬዝ ያዘ። የራሱን የሞለኪውል ክምችት በኮምፒውተር አበጠረ። ከብዙው ውስጥ ጥቂቱን መርጦ ላብ ውስጥ ፈተሸ። የተገኘው መነሻ ሞለኪውል ደካማ ነበር፤ መቀሱን በግማሽ ለማቆም 8.6 ማይክሮሞላር (የመጠን መለኪያ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል) ይፈልጋል። ኬሚስቶቹ የኪሷን ቅርጽ እያዩ አንድ ጫፍ ቀየሩ፣ ሌላ ጫፍ ጨመሩ። 0.013 ላይ አደረሱት፤ ከ600 እጥፍ በላይ ነው። ስሙ ኤንሲትሬልቪር ነው። ጃፓን በኅዳር 2022 በፈረንጅ አቆጣጠር ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቀደችው፣ በኋላም ሙሉ ፈቃድ ሰጠችው። ከተክል የመጣ አይደለም። ግን ኮምፒውተሩ ባይኖር ያ መነሻ ለመገኘት ስንት ወር ይፈጅ ነበር?

ኮምፒውተሩ ወንፊት ነው ጋሼ። ወንፊቱ ዱቄቱን አይጋግርም። ግን ያለ ወንፊት ሁሉንም ማቡካት ነው።

ከተክል ወገን ደግሞ ባይካሌይን አለ። ቻይናዎች ለዘመናት ለሳንባ በሽታ ከሚጠቀሙበት ተክል ሥር ይወጣል። በ2020 ላብ ውስጥ መቀሱን ሲያቆም ታየ፣ ወደ 1 ማይክሮሞላር አካባቢ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ክሪስታል ተሠርቶ ኪሷ ውስጥ ቁጭ ብሎ በዓይን ታይቷል። ሳይበየድ ነው የተቀመጠው። ሰብለ፣ ማነጻጸሪያሽ ውስጥ እሱንም ጨምሪው፤ እንደ ኬርሴቲን የፍላቮኖይድ ወገን ስለሆነ በደንብ ይመጥንሻል።

አሁን ከኛ ጠረጴዛ የሚታየውን ላሳይሽ። የምንፈትሸው እንዲህ ነው፦ መቀሱ ሲቆርጠው የሚያበራ አጭር ሰንሰለት እንሰጠዋለን። ብርሃኑ ከወጣ መቀሱ እየሠራ ነው፣ ካልወጣ ሞለኪውሉ አቁሞታል። የተክል ፍላቮኖይድ ስናስገባ ብርሃኑ ድርግም ይላል፣ ሁላችንም እንደሰታለን። ከዚያ ትሪቶን የሚባል ሳሙና መሰል ነገር ጠብ እናደርጋለን፤ 0.01 በመቶ ብቻ። ብርሃኑ ተመልሶ ቦግ! ምን ሆነ? ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው ጥቃቅን ጓል ሠርተው ነበር። ጓሉ ፕሮቲኑን በጅምላ ይዞት ነው እንጂ ኪሷ ውስጥ የገባ አልነበረም። ሳሙናው ጓሉን ሲበትነው ፕሮቲኑ ነፃ ወጣ። ኬርሴቲን በዚህ ስሙ የታወቀ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ቢጫ ቀለማቸው ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። ሌሎቹ ሲስቴይኑን ኦክሳይድ ያደርጉታል፤ ኦክሳይድ መሆንን የሚከላከለውን ዲቲቲ የሚባል ነገር ስንጨምር ኃይላቸው ይጠፋል። ባለፈው ዓመት የበጋ ወራት ሦስት ሳምንት የደከምኩበት አንድ “ግኝት” በአንዲት ጠብታ ትሪቶን ሄዷል። ያን ቀን እራቴን አልበላሁም።

አገሬ መድኃኒቷ · ሐሙስ ከሰዓት

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ልጅቷን ተስፋ እያስቆረጣችኋት ነው። አያቶቻችን ያለ ኮምፒውተርና ያለ ትሪቶን ፈውሰው ኖረዋል። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ከተክል አይደለም እንዴ የመጣው? እንዶድንስ ለዓለም ያስተዋወቀው የኛው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ አይደለም? የውጭ ኩባንያ ሲያወጣው “ሳይንስ”፣ የኛ ሲሆን “ማስረጃ አምጡ” ይባላል። ይሄ ያበሳጫል።

ማርታ ፍራንክፈርት · ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል፤ እኔም እዚህ አገር ተቀምጬ ስንት ጊዜ ተቃጥያለሁ። ግን ያነሳሃቸው ሁለቱ ሰዎች ለኔ ነው የሚመሰክሩት።

አክሊሉ ለማ በ1964 በፈረንጅ አቆጣጠር አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድጉ ናቸው። አይቶ አልተቀመጠም። ወሰደ፣ ፈተሸ፣ መጠኑን ለካ፣ ዓሣና ሰው ይጎዳ እንደሆነ ዓመታት ፈጀ። ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኘው በዚያ ድካም ነው።

አርቴሚሲኒንም እንዲሁ። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ተክሉን ቀቅላ ስትፈትሸው ውጤቱ ይዋዥቅባት ነበር። ከዚያ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገ ሆንግ የጻፈውን የድሮ መድኃኒት መጽሐፍ መልሳ አነበበች። “በውሃ ነክረህ ጨምቀህ ጭማቂውን ጠጣ” ይላል። መቀቀል የለም! ሙቀት እንደሚያጠፋው ያኔ ገባት። በ35 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ኤተር ተጠቅማ አወጣችው። በ2015 ኖቤል ተሸለመች። የድሮው ሰው ቃል በጥንቃቄ ስለተነበበና ስለተፈተነ ነው መድኃኒት የሆነው። ማስረጃ መጠየቅ የአያቶቻችንን ዕውቀት መናቅ አይደለም። ለኔ ማክበር ነው።

ወልደ ጎጃም · ሐሙስ ሌሊት

ይህን ክር ከመጀመሪያው ሳነበው ነበር። ዝም ልል ነበር፣ “ጨምቀህ ጠጣ” የሚለው አስነሳኝ።

አባቴ መድኃኒት አዋቂ ነው። ከባሕር ዳር ብዙም አንርቅም። ዳማከሴን ለምች የሚሰጠው እንዲህ ነው። ፀሐይ ሳይወጣ ለጋ ለጋውን ይቀጥፋል። ወዲያው በመዳፉ ያሸዋል። አረንጓዴ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ለበሽተኛው በቡና ያጠጣዋል፣ ቀሪውን ገላውን ይቀባዋል። የደረቀ ቅጠል አይነካም። “የደረቀ ዳማከሴ ሽታው የለ፣ ነፍሱ የለ” ይላል።

እህቴ ሰብለ፣ ከጥናቶች የሰበሰብሻቸው የዳማከሴ ሞለኪውሎች ከምኑ የወጡ ናቸው? ከዘይቱ ከሆነ አባቴ የሚሰጠው እሱን ብቻ አይደለም። ጭማቂው ሌላ ነው።

ሌላው። ምች ስንል ብዙ ጊዜ ትኩሳትና ራስ ምታት ነው፣ ከንፈር ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል። ዘመዴ ነርስ ናት፤ ያ የከንፈር ቁስል ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው ትላለች። ታዲያ ሰው ዳማከሴን የሚጠቀመው ለዚያ ከሆነ ለምን ኮሮና ላይ ትፈልጊዋለሽ?

አንድ ነገር ግን ልበል፣ ቅር እንዳይልሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመራማሪዎች ነን ያሉ ሰዎች መጥተው አባቴን ሁለት ቀን ሙሉ ጠይቀውታል። ቅጠል ወስደዋል፣ ፎቶ አንስተዋል። እንመለሳለን አሉ። አልተመለሱም። ውጤቱን እንኳ አልነገሩትም። አባቴ አሁንም አልፎ አልፎ “እነዚያ ልጆች ምን አገኙ ይሆን?” ይላል። ገንዘብ አላለም፣ ምን አገኙ ነው የሚለው።

ቁጥር ወዳድ · አርብ ጠዋት

ወልደ ጎጃም፣ ከሁላችንም የበለጠ ነገር ነው የተናገርከው። አጠቃቀሙ ዒላማውን ይጠቁማል። እኛ የኮምፒውተር ሰዎች ግን ቅርጹ በእጃችን ያለውን ፕሮቲን እንወስድና ማንኛውንም ተክል እዚያ ላይ እናፈሳለን።

ለሰብለ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር፤ ሄርፒስ ላይ ከሄድሽ ዶኪንግ የማያየው ነገር አለ። አሲክሎቪርን አስቢ። የሄርፒስ ዋነኛ መድኃኒት ነው። ግን እንዳለ ምንም አያደርግም። መጀመሪያ የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ ከዚያ የሴሉ ኢንዛይሞች ሁለት ይጨምሩበታል። ቫይረሱን የሚያቆመው ያ ሦስት ፎስፌት የተሸከመው ነው። አሲክሎቪርን ባዶውን ብታስገቢ ኮምፒውተሩ ሊጥልብሽ ይችላል። የአዳማዋ እህታችን ስለ ሩቲን የተናገረችው ነገር በሌላ በኩል መጣ ማለት ነው፤ አንዱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይከሽፋል፣ ሌላው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይሠራል።

ስለ አባትህ ደግሞ ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመጠቀም ቀድሞ ማስፈቀድንና ጥቅም መጋራትን ያዛል። ተማሪዎች ይህን በመጀመሪያው ሴሚስተር መማር ነበረባቸው።

ሰብለ ዘጎንደር · በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ

ስምንት ቀን ጠፋሁ። ሠርቼ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሩቲን ምን እንደሆነ፣ ኮምፒውተር ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይል በራሳቸው ቋንቋ ነገርኳቸው። “እንግዲያው ገና ነው በይኛ” አሉ። አዎ፣ ገና ነው አልኳቸው። የልጁን መድኃኒት አላቋረጡም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለፌስቡክ ገጹም ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን አወረዱት፣ ማስተካከያም አወጡ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 6ደብልዩ63 ላይ ኤክስ77ን አውጥቼ መልሼ አስገባሁት። 1.3 አንግስትሮም ላይ ተቀመጠ፤ ሳጥኔ ደህና ነበር። ከዚያ በመጠን ሩቲንን የሚያክሉ 40 ሞለኪውሎች ሰበሰብኩ። ሌሊቱን ሙሉ ለቀቅኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሳየው ከ40ው ውስጥ 17ቱ ሩቲንን የሚያክል ወይም የሚበልጥ ነጥብ አውጥተዋል። አሥራ ሰባት! አንዱማ ተራ የስኳር ሰንሰለት ነው።

ስክሪኑን አፍጥጬ አየሁት። ከዚያ የሚገርም ነገር ሆነ፣ ቀለለኝ። ለሁለት ሳምንት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደ።

ባይካሌይንንም አስገባሁት። -7.3 ብቻ አወጣ፤ ከኬርሴቲን ጋር እኩል ማለት ነው። ላብ ውስጥ በዓይን የታየው እሱ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሬ ከሩቲን በታች አድርጎታል። ይህን አንድ ሠንጠረዥ አድርጌ ምዕራፍ አራት ላይ አስቀመጥኩት። አማካሪዬ አይተውት ዝም ብለው ቆዩና “ይሄ የጽሑፍሽ ልብ ነው” አሉኝ። ርዕሱን ቀየርነው። “ሊሆኑ የሚችሉ መድኃኒቶች” የሚለው ወጥቶ የዶኪንግ ነጥብ በተክል ሞለኪውሎች ላይ ምን ያህል እንደሚታመን የሚፈትሽ ሆነ። ሲሙሌሽኑን ይቅር ብለውኛል።

ወልደ ጎጃም፣ ጥያቄህን መለስኩ። ከዳማከሴ ከያዝኳቸው 21 ሞለኪውሎች 18ቱ ከዘይቱ የተለዩ ናቸው። ጭማቂውን አልነካሁትም። ይህንንም እንደ ጉድለት ጽፌዋለሁ።

ከሰኔ በኋላ ግን መሥራት የምፈልገው ጭማቂውን ነው። ማርታ፣ ምን ያስፈልገኛል?

ማርታ ፍራንክፈርት · በዚያው ሐሙስ ማታ

ኮርቼብሻለሁ። ቅጠሉ በተቀጠፈ በደቂቃዎች ውስጥ በረዶ ውስጥ ይግባ። ጭማቂው በትንንሽ ጡጦ ተከፋፍሎ ይቀዝቅዝ፤ እየቀለጠ እንደገና እንዳይቀዘቅዝ። የተቀጠፈበትን ሰዓትና ቦታ ጻፊ፣ ለዕፅዋት ሙዚየም የሚሆን ናሙናም በጋዜጣ መሃል አድርቀሽ ያዢ። መጀመሪያ የሴል መርዛማነት ይታይ። ሴሉን የሚገድል ጭማቂ ቫይረሱንም የገደለ ይመስላልና። ከዚያ በኋላ ነው ሄርፒስ የሚመጣው። የሚሠራ ከሆነ ጭማቂውን ከፋፍለን የትኛው ክፍል እንደሚሠራ እንለያለን። ኮምፒውተርሽን ያን ጊዜ እንፈልገዋለን፣ ዝርዝሩ አጭር ሲሆን።

ሰብለ ዘጎንደር · አርብ ጠዋት

ወልደ ጎጃም፣ አባትህን ልታስፈቅድልኝ ትችላለህ? የፈቃዱን ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፣ እንዲነበብላቸው። ምንም ይገኝ ምንም፣ ባይገኝም፣ ውጤቱን ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።

ወልደ ጎጃም · አርብ ማታ

አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። “የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንደገና በል” አለ፤ ውጤቱን መጥቼ እነግራቸዋለሁ የምትለዋን። ከዚያ ትምጣ አለ።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው ለጋው የሚያምረው፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነይ። አባቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ማታውን እኛ ቤት እደሪ። በረዶውን ከባሕር ዳር ይዘሽ ነይ፤ እኛ ጋ መብራቱ አያስተማምንም።